ሞኝና ወረቀት

ስድብ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። ታክሲ ወረፋ ላይ አለ፣ ሰርግ ላይ አለ፣ ስልኩን ያላነሳ ሰው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የጥንት የሽሙጥ ሥዕል ሰብሳቢዎች ግን ይህን ተራ ስድብ ንቀው፣ ሁለት መቶ ዓመት የከረመውን፣ ያውም ለሌላ ሰው የተሰደበውን፣ በሺዎች ፓውንድ ይጫረቱበታል። ስድቡን አሸንፈው ቤታቸው ሲያስገቡ ፊታቸው ላይ የሚታየውን እርካታ፣ ሥዕሉን የሣለው ሰው ቢያየው ኖሮ ቀጣዩን ሥዕል የሚሥለው እነሱን ነበር።

እነዚህን ሰብሳቢዎች ያወቅኋቸው ለንደን ውስጥ በቤት ኪራይ ጣጣ ጠበቃ ቢሮ የገባሁ ቀን ነው። (ስሙን አልጠራም፤ ሂሳብ ይልክብኛል።) ከወንበሩ በላይ፣ ወርቅማ ፍሬም ውስጥ፣ ፈረንሣዊው ኦኖሬ ዶሚዬ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጠበቆችንና ዳኞችን ካብጠለጠለባቸው ሥዕሎች አንዱ ተሰቅሏል። አንድ ጠበቃ ክርክሯን የተረታችውን ሴት ሲያጽናና ነው፦ እርግጥ ተሸንፈሻል፣ ግን እኔን ስከራከር መስማት ምን ያህል ደስ ብሎሽ ይሆን! እኔ ሳቅ አመለጠኝ። ጠበቃዬ ደነገጠ። «የቱ ጋ ነው ጉድለቱ?» ብሎ ወደ ፍሬሙ ዞረ።

ጉድለት እንደሌለበት ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የዶሚዬ ሥዕሎች ብዙዎቹ «ሻሪቫሪ» በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ስለወጡ በጀርባቸው የጋዜጣ ጽሑፍ አለባቸው፤ ያ ርካሹ ነው። የሱ ግን በጀርባው አንዲት ፊደል የሌለበት፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ለብቻው የታተመ ነው። ተሸካሚ ቡና ቤት ተቀምጦ ያነበበው፣ ሚስቱ ሽንኩርት የጠቀለለችበት፣ ያሳቀውና ያናደደው ወረቀት ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ ማንም ያላነበበው ነው ውዱ። ከሳምንት በኋላ ሂሳብ መጣልኝ። ሃያዋ ደቂቃ ገብታለች። የኪራዩን ክርክር ተሸነፍኩ፤ ማብራሪያውን መስማት ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠበቆችን ግን ልተዋቸው። ስድብ የመግዛቱን ሙያ የጀመሩት እነሱ አይደሉም፤ ራሳቸው የተሰደቡት ሰዎች ናቸው። ኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠውን የዌልስ ልዑል ጄምስ ጊልሬይ በ1792 እንዴት እንደሣለው ልንገራችሁ። ልዑሉ ምሳ በልቶ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል። ሆዱ የሰደርያውን ቁልፎች አስጨንቋቸዋል። ጥርሱን የሚጎረጉረው በሹካ ነው። ወለሉ ላይ የቁማር ዳይስ ተበትኗል። ከኋላው ያልከፈላቸው የዕዳ ወረቀቶች ተቆልለው፣ ንፋስ እንዳይወስዳቸው ምን ተጭኗቸዋል? ሞልቶ የፈሰሰ ፖፖ! ይህን ሥዕል ዛሬ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰብሳቢ ፖፖው ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ይውጣል፦ «ቀለሙ የዘመኑ ነው፣ በእጅ የተቀባ። ኅዳጉም አልተቆረጠም።»

ልዑሉስ ምን አደረገ? የራሱን ስድብ ይገዛ፣ ያስገዛ ጀመር። የነገሠ ጊዜ ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ አለ፤ በ1820 ጆርጅ ክሩክሻንክ የተባለው ሠዓሊ ንጉሡን ነውረኛ በሆነ ሁኔታ ላለመሣል ቃል ገብቶ 100 ፓውንድ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ገና ክረምቱ ሳይወጣ ክሩክሻንክ ንጉሡን ከነስካሩ ሥሎ አወጣው። ለቁም ነገረኛ ሰብሳቢ ይህ ሁሉ የመረጃ ጉዳይ ነው፤ «የባለቤትነት ታሪክ» ይሉታል። ከቤተ መንግሥቱ ስብስብ ወደ 10,000 የሚጠጋው በ1921 ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሸጧል። አንድ የነገሥታት ቤት ይህን ያህል ስድብ በሥርዓት መድቦ ማስቀመጡ ያስመሰግናል፤ ሌላው ሰዳቢውን ነው የሚያስቀምጠው። ዶሚዬም ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝብ ገንዘብ የሚውጥ ሆዳም አድርጎ በመሣሉ በ1832 እስር ቤት ገብቷል።

የእኛ ባለጠጋ አዝማሪ ቤት ገብቶ ስለ ቦርጩ ሲገጠምበት ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ቢያንስ ቦርጩ የራሱ ነው፣ ግጥሙም ትኩስ ነው፣ ቤቱም ይስቃል። የለንደኑ ሰብሳቢ የሚለጥፈው የሞተ ሰው ቦርጭ ላይ ነው። ለዚህም ነው ሰሙን በአሲድ አልባ ካርቶንና የፀሐይን ጎጂ ጨረር በሚከላከል መስታወት ጠቅልሎ ወርቁን ሱቁ ውስጥ ረስቶት የሚወጣው።

በነገራችን ላይ ስለ ሱቅ ካነሳን፦ ጊልሬይ የሚኖረው ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ፣ አሳታሚው ሐና ሃምፍሪ ከሥዕል መሸጫዋ በላይ ባላት ቤት ነበር። አእምሮው ታውኮ በ1815 የሞተውም እዚያው ነው። አንድ ባለቀለም ሥዕል ሁለት ሽልንግ ገደማ ያወጣ ስለነበር የቀን ሠራተኛ አይገዛውም፤ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ግን በነፃ ያየዋል። ዝናብ እየመታው፣ በሰው ትከሻ እየተንጠራራ፣ ሚኒስትሩን በስሙ እየጠራ ይስቃል። አንድም ወረቀት ቤቱ አልወሰደም። ዘመናዊው ሰብሳቢ ይህን ሕዝብ በጣም ያዝንለታል፤ ምንም የሚያወርሰው ነገር አልነበረውም።

እኔ ራሴ ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዛሁ። ምን ላድርግ፤ ቫኒቲ ፌር የተባለው የለንደን መጽሔት በየሳምንቱ አንድ ታዋቂ ሰው በቀለም እየሣለ ያወጣ ነበርና ከአድዋ በዓመቱ፣ በ1897፣ ተራው የአጤ ምኒልክ ሆነ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ አልተከራከርኩም፤ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ኅዳጉን አየሁ። ሳሎን ሰቀልኩት። ለእንግዳ ሁሉ ስለ ድንጋይ ህትመት፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቡናማ ነጠብጣብ መከላከያ እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ፍሬሙ ሥር ቆመች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገች።

«እምዬ ናቸው?»

«አዎ። ዋናው ህትመት ነው እኮ፣ ኅዳጉ እንኳ…»

«ምነው አበላሽተው ሣሏቸው?»

«አክስቴ፣ ያኔ መጽሔቱ የሁሉንም ሰው መልክ ትንሽ…»

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳት። ዝም ብላ ወደ ብር መነዘረችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ይሄን ሁሉ ለሰዳቢው?»

«ሰዳቢውማ ከሞተ ቆየ። ለነጋዴው ነው።»

«በል ሻንጣዬን አስገባልኝ» አለችኝ፣ «ሰዳቢው እንኳ ሳይበላው!»