ለቅሶ ያልተደረሰባት ሟች

የዉዲ አለን «ማንሃታን መርደር ሚስትሪ» ቡሬ ላይ ቢሠራ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ፍርዱ የእኔ አይደለም፣ የአክስቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን ይህን የሳቅና የግድያ ፊልም ቡሬ እሳቸው ቤት ቁጭ ብለን አየነው፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ካሮልና ላሪ የሚባሉ ባልና ሚስት ኒው ዮርክ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። ጎረቤቶቻቸው አንድ ምሽት ቡና ይጋብዟቸዋል፤ ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው ሚስት በልብ ሕመም ሞተች ይባላል። ባልየው ግን ሐዘን የገባበት አይመስልም። ዳያን ኪተን የምትጫወታት ካሮል ትጠረጥራለች፤ ላሪን ሆኖ የሚጫወተው ዉዲ አለን ደግሞ አርፈሽ ተኚ ይላታል።

አክስቴ እዚህ ላይ አስቆሙኝ።

«ለቅሶ ማን ደረሰ?»

«ማንም።»

«ጡሩምባም አልተነፋ?»

«እዚያ አይነፋም።»

«ታዲያ ገናዡ ማን ነበር?»

ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ስላቸው አማተቡ። ከዚያ በኋላ ለእሳቸው ፊልሙ አለቀ፤ ገዳዩም ታወቀ። ካሮል ግን ያንን አመድ ለማየት ጣፋጭ ሠርታ ጎረቤት መሄድ፣ ሌላ ቀን ሰው ቤት ሰርጎ መግባት፣ አልጋ ሥር መደበቅ ነበረባት። ቡሬ ቢሆን ለቅሶ ቤት ገብቶ ንፍሮ እየቆረጠሙ ዙሪያውን ማየት ይበቃል።

ፊልሙን ያላያችሁ ይቅር በሉኝና፣ ዋናው ምሥጢር የሞተችው ሚስትየዋ ሳትሆን የምትመስላት እህቷ መሆኗ ነው። አክስቴ ሳቁ። «እህቷ ከፍኖተ ሰላም መጥታ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «መናኸሪያ ስትወርድ ያየ፣ ምን ይዛ እንደመጣች የቆጠረ አይጠፋም ነበር።» ዉዲ አለን የግድያውን ታሪክ መጀመሪያ ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው «አኒ ሆል» ነበር፤ ከዚያ ትቶት 16 ዓመት አሳደረው። እኛ ዘንድ ወሬው በአንድ ጀምበር ሽንዲ ይደርሳል።

የሰፈር መርማሪነት በእርግጥ ለእኛ አዲስ ሙያ አይደለም። ድሮ አውጫጭኝ ነበር፤ አፈርሳታም ይሉታል። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ካልታወቀ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ነገሩ እስኪወጣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሣውን ሁሉም ያዋጣል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «ዘ አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለድ በአንድ ጎጆ መቃጠል ተነስቶ ይህንኑ ሸንጎ ይተርካል። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር፤ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። የማስረጃው ነገር ከተነሳ ካሮል ከዚህ በብዙ ትሻላለች።

ዛሬ አውጫጭኙ ቡና ላይ ነው። በአቦል ወሬው ይሰማል፣ በቶና ምክንያቱ ይገኛል፣ በረካ ሳይቀዳ ፍርዱ ይሰጣል። ይግባኝ የለውም። የሚገርመው ደግሞ ቡና ጠጪዎቹ ብዙ ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

እኔም ተንኮል አማረኝና፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሰፈራችን ቢደርስ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይመሰክራሉ?» አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ አክስቴ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው። «እኔ ምን አየሁና ነው ልጄ?»

ያ ሁሉ የመናኸሪያ፣ የገናዥና የአመድ ትንተና በአንዴ የት እንደገባ እንጃ። ካሮል እኮ አንድ ሆቴል ውስጥ ሬሳ አግኝታ ፖሊስ ብታስጠራ፣ ፖሊስ ሲደርስ ሬሳው የለም። እብድ መስላ ቀረች። እንደዚያም ሆኖ አልተወችም። ከአክስቴ ብልህ አይደለችም፤ እንዲያውም አክስቴ በሦስት ጥያቄ የደረሱበት ላይ ለመድረስ ፊልሙን አጋምሳለች። ብልጫዋ «አይቻለሁ» ማለቷ ነው።

ስለዚህ ቡሬ ላይ የግድያ ኮሜዲ ለመሥራት ያሰባችሁ የፊልም ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ገዳይ ፍለጋውን በአቦል ጨርሱትና የቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል ለምስክር ፍለጋው ስጡት። ተዋናይ ከቸገራችሁም አክስቴ አሉላችሁ፤ ብቻ ፊርማ አትጠይቋቸው።