መኪና ለዘመድ አይሸጥም

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ፣ አዲስ መኪና ገና ከመሸጫው ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል ሲለኝ ከልቤ አዘንኩለት። እኛ አገር መኪና የሚያረጀው ለባለቤቱ ወገብ እንጂ ለዋጋው አይደለም። የእኔዋ ቶዮታ ዲኤክስ እ.ኤ.አ. የ1984 ሞዴል ናት። በሯ ከውስጥ የሚከፈተው በልመና ነው፤ ፍሬቻዋ ወደ ግራ ብቻ ያምናል። ዋጋዋ ግን በየዓመቱ ሲጨምር ኖሯል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን የሀብታም ሥራ አደረገው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ መቶ ብርን ተሻገረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዲኤክሴ እኔ በምኖርበት በእምድብር ቆማ አቧራ ከመልበስ በቀር የሠራችው ነገር የለም። እኔ በየቀኑ እያስተማርኩ ደሞዜ ባለበት ቆመ፤ እሷ ቆማ አደገች።

መምህር ነኝና ሒሳብ አሰላሁ፦ ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬ፣ ቪትዝ ልግዛ። መንገዱ ሁለት ነው፤ አንድም እዚሁ እምድብር ለሰው መሸጥ፣ አንድም አዲስ አበባ ሄዶ መኪና መሸጫ ቤት ውስጥ መለወጥ።

እምድብር ላይ መኪና ለመሸጥ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ለጎሚስታው «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ መንገር ይበቃል። ሳይመሽ ከተማው ሰማ፤ በማግስቱ ወልቂጤ ደረሰ፤ ከዚያ መርካቶ ያሉ ዘመዶቼ ይደውሉ ጀመር። ሊያያት የመጣውም ገዢ ሳይሆን ሸንጎ ነው። አንዱ ኮፈን ከፍቶ እንደ ሐኪም ይቃትታል፤ አንዱ ማርሚታውን በእግሩ ይነካካል፤ ልጆች ጋቢናውን ሞልተው ጡሩምባ ይፈትሻሉ። አንድ ሽማግሌ ግን መኪናዋን ትተው እኔን መረመሩኝ።

«ምን ገጠመህ ልጄ?»

«ምንም አልገጠመኝም አባባ፣ ልቀይራት ብዬ ነው።»

«ያልተቸገረ ሰው ንብረቱን ያወጣል?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለተኛው ቀን የዕድሩ ዳኛ ደኅንነቴን ሊጠይቁ ቤቴ ድረስ መጡ።

ቁርጠኛ ገዢ የሆነው የሚስቴ ዘመድ ነበር። «ለባዳ የምትለውን ተወውና ለእኔ ስንት ነው?» አለኝ። አከፋፈሉንም ራሱ አቀደው፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን እቁብ ሲወጣለት። እቁቡ መቼ እንደሚወጣ ብጠይቀው ገና ሊገባ እያሰበ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ዋስትናው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ጉድለት ካገኘ ለሻጩ ያስታውቃል፤ ካስታወቀ በኋላም መክሰስ ያለበት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። የዘመድ ዋስትና ይርጋ የለውም። ካንዴላ በተቃጠለ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል፤ ጎማ በፈነዳ ቁጥር አማቴ ያኮርፋሉ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ከ«እግዜር ያጥናችሁ» ቀጥሎ የሚመጣው የፍሪሲዮን ወሬ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሄድኩ። የመሸጫ ቤቱ ሰው ሥራ የሰፈራችን ልዋጭ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ለአሮጌ ሱሪ የፕላስቲክ ሳፋ በመስጠት ፈንታ ለአሮጌ መኪና ሌላ አሮጌ መኪና መስጠቱ ብቻ ነው። ዲኤክሴን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ቴስታታዋ ተከፍቷል፣ ቀለሟ ተነክቷል፣ ካምቢዮዋም ደክሟል» እያለ በእያንዳንዱ ቃል ገንዘብ ቀነሰ። ወደ ቪትዟ ስንዞር ግን ምላሱ ማር ሆነ፤ «የሴት መኪና ናት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ!» በሁለቱም በኩል የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ለምን እንደምሸጥ አልጠየቀኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም አልጠየቀኝም። ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን፤ ሊብሬ ተሰጣጣንና ተለያየን። የተቀነሰብኝን ገንዘብ የዝምታ ዋጋ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ከሰበታ እስከ ቱሉ ቦሎ፣ ከወሊሶ እስከ ወልቂጤ የቪትዟን ሬዲዮ ከፍቼ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ይህ መንገድ ግን ሰው የሚመለስበት መንገድ ነው። በ1950ዎቹ እነ ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ሲያቋቁሙ፣ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴና ሊስትሮ ሳይቀር ገንዘብ ያዋጣው አገሩ ደርሶ እንዲመለስ ነው። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ተነቅሎ ይመጣል። ዘንድሮ በመጣው ሕዝብ መካከል አንዲት መኪና በመንደራችን ሰፊ መንገድ በጀፎሯችን ዳር እየተንገጫገጨች ደረሰች። ፍሬቻዋ ወደ ግራ ብቻ ያምናል።

የወረደው መርካቶ የሚነግድ የአክስቴ ልጅ ነው። ክትፎው ፊት ቁጭ እንዳልን «ጋሼ፣ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ድሮም እንዲህ ትጮህ ነበር?» አለኝ።

«እንደምሸጣት ሰምተህ ከእኔ ለምን አልገዛህም?»

«ከዘመድ የገዛ ሰው አይከራከር፣ ብትበላሽ አይወቅስ! ስለዚህ ጨምሬም ቢሆን ከባዳ ገዛሁ።»

ከእኔ የተቀነሰውንና እሱ ላይ የተጨመረውን እዚያው ደመርነው። ደህና የመስቀል ሰንጋ ይገዛል። ሁለታችን እንዳንቀያየም ተጠንቅቀን ለልዋጩ ሰንጋ ጣልንለት፤ የካምቢዮው ጣጣ ግን እኔው ጋ ቀረ። ነገ ጠዋት አብረን ጋራዥ እንሄዳለን፤ ለምን አልመጣህም ብላ አክስቴ እንዳታኮርፍ።