ዘንቢል አንጠልጣዩ

አገሩ ሁሉ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲያወራ ሰምቼ ዘንቢሌን ከቆጥ አወረድኩ። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ አሜሪካ እያሉ ዘንቢል አንጠልጥለህ ስትወጣ ሰው ምን ይላል? ጣሉት አይልም?» ይኸው! አዋጅ ያላገደውን ዘንቢል ይሉኝታ አገደው።

አዋጅስ ሞልቶናል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረት፣ ከውጭም እንዳይገባ ብሎ ነበር። ማን ይለካዋል? የኔ ሽንኩርት ቤት ሳይደርስ አስፋልት ላይ ሲዘረገፍ መሳሳቱን አይቻለሁ፤ ለካሁት የሚል ሹም ግን አላየሁም። በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጨርሶ ከለከለ፤ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ተባለ። ከሎሚው ማንጠልጠያው ሊወደድ!

የሱቁ ልጅ ቸርነት ደግሞ አይጣል ነው። ሁለት ሎሚ ገዝቼ ኪሴ ልከት ስል «አባባ፣ በፌስታል ላድርግልዎት፣ በነጻ ነው'ኮ» ይለኛል። እምቢ ስለው አዘነልኝ መሰለኝ፣ እንዳይቀደድ ብሎ ደርቦ ሰጠኝ።

በእኛ ጊዜ ላምባ በጠርሙስ፣ ስኳር በጋዜጣ ጥቅል ነበር። ባዶ ጠርሙስማ ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ ጠብቀን፣ ተከራክረን ነበር የምንሸጠው። ያኔ ድህነት ይባል ነበር፤ ዛሬ ሥልጠና ይሰጥበታል። በሥልጠናው መሀል ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ሃይላንድ ውሃ ይታደላል።

ውሃ መቆጠቡን ተዉት፤ እሱን ፈረቃው ይቆጥብልናል።

የልጅ ልጄ የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ክበብ አባል ናት። «አባዬ፣ ፕላስቲክ እኮ አይበሰብስም» እያለች ስታስተምረኝ አመሸች፤ ጠዋት ወጡ እንዳይፈስ ምሳ ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ወጣች። ማድ ቤት ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ አንድ ኩርቱ ፌስታል አለ፤ ሲፈታ ውስጡ ፌስታል፣ እሱም ውስጥ ሌላ ፌስታል። «ይጠቅማል» ትላለች ባለቤቴ። ለምን እንደሚጠቅም ጠይቄ ምሳ ሳልበላ ውያለሁ።

በቀደም ልጃችን ከአሜሪካ ቅጠል የተሳለበት የጨርቅ ዕቃ መያዣ ላከልን። ሥራው ከዘንቢሌ ምንም አይለይም፤ ጎረቤቱ ግን «ከየት ተገኘ?» እያለ ሊሞት ነው። እሱን ይዤ ብወጣ ማን ያፍርብኛል! መቼ አግኝቼው? ባለቤቴ እንዳይቆሽሽ ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፣ በፌስታል ጠቅልላ።