የሻይ እረፍት

ቦርጭ ለመቀነስ ከዋግ ኽምራ የተሻለ አገር የለም ብዬ ነበር ሰቆጣ የወረድኩት። ዳገቱ ብዙ፣ ኬክ ቤቱ ጥቂት። የተጠራሁት ለሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ነው፤ ርዕሱ የሕፃናት መቀንጨር፣ ባነሩ ረጅም፣ አበሉ ደህና። ስመለስ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄዷል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ እንደኔ መቅጠን ለማይችሉ፣ ግን ሥራቸው ሆኖ ስለ ረኀብ ሲወያዩ ለሚውሉ ወገኖቼ ነው። ችግራችንን ማንም አይረዳልንም።

ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነው። የመክሰስ አምሮት ሲመጣ ውሃ ጠጣ፣ አስር ደቂቃ ታገስ፣ ዓይንህን ከምግቡ አንሳ ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ዐውደ ጥናት ተቀምጦ አያውቅም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሻይ እረፍት፣ ስድስት ተኩል ላይ ምሳ፣ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ የሻይ እረፍት። በአገራችን ከሻይ ጋር ሻይ ብቻ የቀረበበት የሻይ እረፍት ታይቶ አይታወቅም። አስር ደቂቃ ብትታገስ ሳምቡሳው ያልቃል፤ ያ ደግሞ ትዕግሥት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ውሃ ጠጣ የሚለውንም ሞክሬዋለሁ፤ የታሸገው ውሃ የተደረደረው ከኩኪሱ አጠገብ ነው።

እንቅስቃሴ አድርግ ላሉኝም መልስ አለኝ። ከምሳ በኋላ ዓይናችን ሲከደን አወያዩ ያስነሳንና ‹‹ኢነርጃይዘር›› ያሠራናል። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ ጎንህ ያለውን ትከሻ መታ መታ። ሦስት ደቂቃ ከሠራሁ በኋላ የሚርበኝ ረኀብ ጂም ሁለት ሰዓት ውዬም አይርበኝ።

ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። አዘጋጆቹ አስተዋዮች ስለሆኑ የጾምና የፍስክ ቡፌ ለየብቻ አቅርበዋል። የሚጾመው የጾሙን በላ፣ የማይጾመው የፍስኩን በላ። ዳይት ላይ ያለን ሰዎች ሁለቱንም ቀመስን፤ መቅመስ መብላት አይደለምና። ከሰዓት በኋላ ስላይዱ ላይ ከዕድሜው በታች የቀጨጨ ሕፃን ፎቶ ቆሞ ሳለ፣ ከያዝኩት ሳምቡሳ የተንጠባጠበ ዘይት በታደለን ወረቀት ላይ የነበረውን ግራፍ አጠበው። አንዱ ወረዳ ጠፋ። ጎኔ ያለውን ጠይቄ አጣራሁ፤ የጠፋው በማግስቱ ለመስክ የምንሄድበት ጋዝጊብላ ነው።

ለነገሩ የሰቆጣ ስም ራሱ ለእኛ የተመቸ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር አስቀራለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የተገባው አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ስሙ ግን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። እኔም በዚያው ሰሞን ስለ ቦርጬ ቃል ገብቼ ነበር፤ የጊዜ ገደቡንም እዚያው 2030 አድርጌዋለሁ። ሳይቸኩሉ መሥራት ጥሩ ነው። እነሱ ከመቀንጨር፣ እኛ ከመቀነስ ጋር ስንታገል ይኸው ዓመታት ሄዱ፤ ልዩነቱ የእኛ ትግል በቀን ሁለት ጊዜ ለሻይ ማቆሙ ነው።

ደግሞ መቀነስ ማለት እኮ እኛ ዘንድ የመጨመር ሌላ ስሙ ነው። ጠዋት ሎሚና ዝንጅብል በሙቅ ውሃ ጨመርኩ። ተልባ ጨመርኩ፣ አብሽ ጨመርኩ፣ ሞሪንጋ ጨመርኩ። ለጂም በወር ከፈልኩ፣ ከጂም ስወጣ ደግሞ የድካሜን የአቮካዶ ጁስ ጠጣሁ። ሁሉም ለማቅጠን የሚረዳ ነው ተብዬ እንጂ በራሴ ሆዳምነት አንድም አልጨመርኩም። እስካሁን ከገበታዬ የተነሣ ነገር ቢኖር የጾም ኬክ ብቻ ነው፤ እሱንም ጾሙ ሲፈታ በፍስኩ ተካሁት።

ሐሙስ ወደ ጋዝጊብላ ወጣን። የወረዳው ከተማ አስከተማ ሳንደርስ መኪናው ውስጥ ወሬው ስለ ሴፍቲኔት ሆነ። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ስሌቱ ለአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ፣ በቀን 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ድምሩ 15 ኪሎ። ለወር ሲከፋፈል በቀን ግማሽ ኪሎ ይመጣል። ስልኩ ላይ ካሎሪ መቁጠሪያ የጫነ ባልደረባችን ግማሽ ኪሎውን አስገባና ‹‹ወደ 1,700 ካሎሪ!›› ብሎ ጮኸ። የሥርዓተ ምግብ ባለሙያው በትክክል ይህንን አዝዞለት ኖሯል፤ የምክሩን ብቻ ስንት እንደከፈለ ነገረን። በመስኮት ሳይ ሴቶች ወንዶች ተሰልፈው ድንጋይ እየተቀባበሉ ተራራው ወገብ ላይ እርከን ይሠራሉ። ጂሙም አብሮ ነው ማለት ነው።

ጤና ኬላው በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ በአንዱ ሕፃን ክንድ ዙሪያ አዞረችና ሳብ አደረገችው፤ ቀስቱ ቀዩ ላይ ቆመ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። እናቲቱ ቀለሙን አይታ ምንም አላለችም፣ የልጁን እጅጌ ብቻ ወደ ታች መለሰች። እኔ ጨዋታ ላምጣ ብዬ መለኪያውን ተቀብዬ የእጄን አንጓ አሰርኩበት። አንጓዬ ብቻውን አረንጓዴውን ገባ። ‹‹እርስዎ ደህና ነዎት›› አለችኝ ልጅቱ፣ ሳትስቅ።

ከዚያ ለሕፃኑ ፕላምፒ ናት ሰጠች። 92 ግራሟ ማሸጊያ 500 ካሎሪ ትይዛለች፤ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። ሕፃኑ ሲልሰው ሽታው መጣና አምሮቴ ተነሣ። አስር ደቂቃ ታገስኩ። አልሄደም። ለቅምሻ ያህል ብዬ ጠየቅሁ፤ በቁጥር የሚወራረድ ነው ተባልኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ገባን። የቤቱ እመቤት አጎዛ አነጠፉልን፣ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ በትንሽ ሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዘው መጡ። ሰፌዱ አልሞላም፣ ግን ዳር ዳሩን ባዶ እንዳይመስል በእጃቸው በተን አድርገውታል። ባልደረቦቼ ዘገኑ። እኔ ሰው ፊት ስሆን ጽኑ ነኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ‹‹ዳይት ላይ ነኝ፣ እናቴ›› አልኳቸው።

‹‹ምን ላይ?››

‹‹ዳይት። ምግብ መቀነስ ነው። ሐኪም አዞልኝ።››

ፊታቸው ወዲያው ልውጥ አለ። ሰፌዱን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች በሐዘን አዩኝ።

‹‹ውይ! እግዜር ይማርዎ። በዚህ ዕድሜዎ! እኔ እኮ ሲገቡ ሳይዎ አብጠው መስሎኝ ነበር።››

ስንነሣ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ኪሴ ከተቱት። ‹‹አፈር ስሆን፣ ሲሻልዎት ይበሉታል።››

ሰቆጣ ሳንደርስ አለቀ።