ቦሌ ያረፈው አውቶቡስ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አውቶቡስ አብርሬያለሁ። ያየኝ የፊዚክስ ቲቸራችን ብቻ ናቸው።

ጥያቄው ለሰው የሚራራ ነበር፦ «በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በሴኮንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?» 3.6 የምትባለዋን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ይባዛባት ይሁን ይካፈልባት አብሬ አልያዝኩም። አባዛሁ። 259.2 መጣልኝ። ነጥብ ያለው መልስ ደግሞ የተለፋበት ይመስላል፤ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ቲቸር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ደብተሬን አዩት፣ ከዚያ እኔን። «ይህ አውቶቡስ መናኸሪያ አይገባም» አሉ፤ «ቦሌ ነው የሚያርፈው።» እውነታቸውን ነው፤ 259.2 ወደ ሰዓት ሲመለስ 933 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፣ የጄት ፍጥነት። ትክክለኛው መልስ 20 ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሜ «ፓይለቱ» ሆኖ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እናቴን ተከትዬ ገበያ ወጣሁ። እናቴ ማባዛትም ማካፈልም ከጥቁር ሰሌዳ አልተማረችም። ባለ አተሩ ጣሳውን ሊሞላ ሲል «እስቲ ቆየኝ» ብላ ተቀበለችውና እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችበት። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ ተደቁሷል! ሌላ ጣሳ አስመጣች፤ በላዩ ላይም ምርቃት አስጨመረች። ምርቃት ደግሞ ደብተሬ ጀርባ ካለው የመለኪያ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

በኋላ ሳነብ፣ ለካ ናሳም እናቴን የመሰለ ሰው ያስፈልገው ነበር። ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው፣ አንዱ ወገን የግፊቱን ልክ በፓውንድ አስልቶ ሲሰጥ ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለተቀበለ ነው። የአንዱ ጣሳ የሌላውን 4.45 እጥፍ ነበር። ይህም የታወቀው መንኮራኩሯ ከጠፋች በኋላ ነው። እኔ ያጠፋሁት አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሰላም አርፏል።

ዛሬ የልጄን የቤት ሥራ ሳይ 3.6ን አልጠይቀውም። «ይሄ መኪና መናኸሪያ ይገባል?» እለዋለሁ። ካልገባ ላጲሱን ያነሣል። እናንተም ከመልሱ ሥር ሁለቴ ከማስመራችሁ በፊት እጃችሁን ጣሳው ውስጥ ክተቱ።