ዘንዶን «በሞቴ» ማለት ይቻላልን?

ተሳቢ እንስሳትን በቤት ስለ ማሳደግ የተጻፉ መመሪያዎች ለጀማሪ ከሚመክሯቸው መካከል ቦል ፓይተን፣ ኮርን ስኔክ፣ ሌፐርድ ጌኮና ቢርድድ ድራገን ይገኙበታል። አማርኛ እዚህ ላይ ቃል አያባክንም። የመጀመሪያው ዘንዶ ነው። የመጨረሻው፣ ምንም እንኳ እንሽላሊት ቢሆን፣ ስሙ ሲመለስ «ጺማም ዘንዶ» ይሆናል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውም ዘንዶ ነው። ይህ የቃል ቁጠባ ምን እንደሚያስከትል ለማየት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ አንድ የሐበሻ ቤት ለጥናት ተመርጧል። ሳሎኑ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ሥዕሉ ቀድሞ የነበረ በመሆኑ፣ ጦሩ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ማነጣጠሩ አጋጣሚ ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

የጥናቱ ተሳታፊዎች የ12 ዓመት ልጅ፣ እናቱ፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያቱ፣ አንድ ቦል ፓይተንና በሌላ ሣጥን ያለ አንድ ቢርድድ ድራገን ናቸው። ናሙናው አነሰ የሚል ቢኖር፣ አያት ገና ከበሩ ሲገቡ «ሁለት ምን ያደርጋል?» ማለታቸው ይታወቅ።

በመስኩ የቀደመ ልምድ የለም ማለት አይቻልም። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡ አርዌ የተባለ ዘንዶ አንግሦ፣ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። በኋላ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቀረበለት፤ ዘንዶው ዋጣት፤ ሞተ። ከአያያዝ አንጻር እዚህ ሁለት ግድፈቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚሰጠው ምግብ ከዘንዶው ከራሱ ወፍራም ቦታ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ መኖው ከየት እንደመጣ አልተጣራም።

ዛሬ ጀማሪው የሚያቀርበው አይጥ ነው፤ ያውም ሞቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ። በሕይወት ያለ አይጥ ዘንዶውን ነክሶ ሊያቆስለው ስለሚችል መመሪያዎቹ የሞተውን ይመርጣሉ። በጥናቱ ቤት አይጡ የሚቀመጠው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከእንጀራው ጀርባ፣ ከአገር ቤት በተላከው በርበሬና በሽሮው መካከል ነው። እናት አንድ ቀን ለወጥ ብላ ያወጣችው ላስቲክ ዶሮ አለመሆኑ የታወቀው ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ «የሱ» ተብሎ ተጽፏል።

አይጡ በረዶው የሚለቀው ለብ ባለ ውሃ ነው፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ በረጅም ወረንጦ ይቀርባል። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ባሉ ጉድጓዶች ሙቀት ይለያል፤ የሰው ጣት ደግሞ ከበረዶ ከወጣ አይጥ ይልቅ ትሞቃለች። ስለዚህ ጉርሻ ክልክል ነው። ዘንዶው ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል አይነካም፤ ከተነካ የዋጠውን ሊመልሰው ይችላል።

ዋናው ግኝት የመጣው ግን ከአለመብላቱ ነው። ቦል ፓይተን በተለይ ብርዱ ሲገባ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ለወራት ምግብ እንቢ በማለት ይታወቃል። መመሪያዎቹ ክብደቱ ብዙ እስካልቀነሰ ድረስ «ተዉት» ይላሉ። «ተዉት» የሚለው ቃል በሐበሻ ቤት ስለ ምግብ ተነግሮ ያውቃል ለማለት ማስረጃ አልተገኘም።

አያት እስከዚያ ድረስ በሣጥኑ በኩል አያልፉም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ሳይቀር ዞረው ነበር የሚያልፉት። ዘንዶው በጾመ በሦስተኛው ሳምንት «እንዴ፣ ሳይበላ ስንት ቀኑ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። በአራተኛው ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» አሉት። ዘንዶው ምላሱን አወጣ። እባብ በምላሱ ሽታ ለቅሞ ላንቃው ውስጥ ወዳለ የማሽተቻ አካል ያደርሳል፤ ነገሩ ከንቀት ጋር ግንኙነት የለውም። አያት ግን «ምላስህን ታወጣብኛለህ?» ብለው ለዕለቱ ተኳረፉ።

ኅዳር 15 ላይ ጾመ ነቢያት ሲገባ ነገሩ መልክ ያዘ። አያት ዘንዶው ከሁሉ ቀድሞ መጀመሩን አስተዋሉ። ገና ደረሰ፤ ቤቱ በዶሮ ወጥ ፈሰከ፤ ለዘንዶውም «የሱ» ከተባለው ላስቲክ ወጣለት። አልፈሰከም። ነነዌም አለፈ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አያት «ይሄ እንስሳ» ማለታቸውን ትተው «አባ» ይሉት ጀመር። ከ55ቱ ቀን እኩሌታው ገደማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዘንዶው አይጡን ዋጠ። አያት ለሁለት ቀን አላናገሩትም።

በመሐል ደግሞ የዓይን ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅርፊት ነው። ቆዳውን ሊገፍ ሲል ያ ቅርፊት እንደ ወተት ይደፈርሳል። አያት የዓይን ሞራ መሆኑን በየኑና እንደ ልማዳቸው ቤቱን ሁሉ ጠበል ሲረጩ ሣጥኑንም አላለፉትም። መመሪያዎቹ በዚህ ወቅት የሣጥኑ እርጥበት ከፍ እንዲል ያዝዛሉ። በሳምንቱ ቆዳው እንደ ካልሲ በአንድ ቁራጭ ወለቀ፤ ዓይኑም ጠራ። ውጤቱን ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ስም መዝግበውታል።

ጺማሙ ዘንዶ ሌላ ዓይነት ሸክም ነው። የትውልድ ሐረጉ ከአውስትራሊያ ነው፤ አገሪቱ ግን የዱር እንስሳቷን ከነሕይወታቸው ለንግድ መላክ ካገደች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በአሜሪካ የሚሸጡት ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ፣ ወላጆቻቸውም እዚያው የተወለዱ ናቸው። አገርህ የት ነው ቢባል መልስ የላቸውም፤ ከልጁ ጋር መግባባታቸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ እንስሳ ሕፃን ሳለ በብዛት ፌንጣና ትል ይበላል፤ ሲያድግ አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ይሆናል። ከቅጠል የሚመከርለት ደግሞ የሐበሻ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ጎመን ነው። ስፒናች አዘውትሮ አይሰጠውም፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ያስርበታል። አያት ጎመን መብላቱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከዚያ ዝርዝሩ ተነገራቸው፦ ያለ ዘይት፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ያለ ጨው፣ ሳይበስል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ «ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ።

በሙቀት ጉዳይ ላይ ክርክር አልተነሣም። ተሳቢ እንስሳ ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ለቦል ፓይተን የሣጥኑ አንድ ወገን ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው ወደ 25 ይሆናል፤ ጺማሙ ከአምፖሉ ሥር እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ማሞቂያው በቴርሞስታት ካልታሰረ እንስሳውን ያቃጥለዋል። ብርድ ይመታል፣ ነፋስ ይጎዳል የሚለውን አያት በታክሲ መስኮት ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱለት ስለኖሩ ሳይንሱን አዲስ ግኝት አድርገው አልተቀበሉትም።

ጺማሙ ከሙቀቱ ሌላ ዩቪቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ አጥንቱም ይለሰልሳል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይጠቅመውም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። ይህ ሲተረጎምላቸው አያት አራስ ልጅ በማለዳ ፀሐይ ለምን እንደሚሞቅ ለእናትየው አስታወሱና እንሽላሊቱን በረንዳ ይዘው ለመውጣት ተነሡ። መውጣቱ ተፈቀደ፤ ቅቤ መቀባቱ ግን ውድቅ ተደረገ።

እጅ መታጠብን በተመለከተ ደንቡ ጥብቅ ነው። እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት እንዳይኖሩ ይመክራል። ዕቃቸውም በማእድ ቤት ገንዳ አይታጠብም። አያት እንስሳቱን የነካ እጅ ማዕድ እንዳይቀርብ ሲያደርጉ ይህን ምክር አላነበቡም።

ልጁ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በመረጃው ውስጥ አይገኝም፤ ጊታር ጀምሯል። ቦል ፓይተን በቤት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ የልጁን ኮሌጅ አልፎ ከቤቱ የ30 ዓመት ብድር ጋር አብሮ ሊያልቅ ይችላል። በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020፣ ቢያንስ 62 ዓመት ሆኗት፣ 7 እንቁላል ጥላለች፤ ወንድ አጠገብ ከዋለች ቢያንስ 15 ዓመት አልፏት ነበር። እናት ይህን ስታነብላቸው አያት ያሉት «ሣራስ በዘጠና ወልዳ የለ» ብቻ ነው።

አያት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። እሑድ እሑድ ሲደውሉ መጀመሪያ ስለ ልጁ፣ ቀጥሎ ስለ እናትየው ጉልበት ሕመም፣ ከዚያ «አባስ በላ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለፈው ጊዜ እናት «እንቢ ብሏል» ስትላቸው መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

«ኅዳር ገባ እንዴ?» አሉ።