የካሺ ሹማምንት

በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በጋንጀስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር የተቆረቆረችው ቫራናሲ፣ ነዋሪዎቿ ባናራስ፣ ጥንታውያን መጻሕፍት ደግሞ ካሺ የሚሏት ከተማ፣ የሂንዱ እምነት ተከታዮች በሕይወት ሳሉ ሊሳለሟት፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ደግሞ ሊሞቱባት የሚመኟት ናት። በየጥጋጥጉ የቆሙት ቤተ መቅደሶቿ ብዛት እንግዳን ግራ ያጋባል። የብዛታቸውን ምክንያት የሚያስረዳው ካሺ ካንዳ፣ ማለትም ስካንዳ ፑራና ከተባለው ሰፊ የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ስለ ከተማዋ ቅድስና የሚተርከው ክፍል፣ ነገሩን የሚጀምረው ከአንድ የመልካም አስተዳደር ችግር ነው።

ትረካው እንደሚለው ምድር በድርቅና በሥርዓት አልበኝነት በተጨነቀች ጊዜ ፈጣሪው ብራህማ ዲቮዳሳ የተባለውን ሰው እንዲነግሥ ቢለምነው፣ ሰውዬው እሺ የሚለው አማልክቱ ሁሉ ምድርን ለቀው ወደ ሰማይ ቢወጡለት ብቻ እንደሆነ ተናገረ፤ አለቃ የበዛበት ቤት እንደማይሠራ የገባው ሰው ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ስምምነት ሺቫ የተባለው ታላቁ አምላክ ሳይቀር የሚወዳትን ካሺን ለቆ ወደ ማንዳራ ተራራ ተሰደደ፤ ዲቮዳሳም እንከን የሌለው አገዛዝ ዘረጋ። ናፍቆት የጠናበት ሺቫ በንጉሡ ላይ ጥፋት ፈልገው እንዲያገኙለት በመጀመሪያ 64 ዮጊኒዎችን፣ ማለትም አስማተኛ እንስት መናፍስትን፣ ላከ፤ እነርሱ ጥፋት ሲያጡ ባዶ እጃቸውን መመለስ አፍረው፣ ከተማዋንም ወድደው እዚያው ቀሩ። ቀጥሎ የተላከው ፀሐይ 12 ሆኖ በ12 ስፍራ ሰፈረ። ብራህማ ራሱ ሽማግሌ ካህን መስሎ መጥቶ ንጉሡን ለ10 የፈረስ መሥዋዕት የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያቀርብለት የጠየቀው አንድ ነገር ይጎድልበታል ብሎ ነበር፤ ንጉሡ ግን ሁሉንም አሟልቶ ስላቀረበለት ብራህማም የመሥዋዕቱን ሥርዓት ፈጽሞ እዚያው ቤቱን ሠራ። ከዚያ ወዲያ የሺቫ አጃቢዎች ተራ በተራ ወጡ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ለመስክ ሥራ ወጥቶ ሪፖርት ሳያቀርብ የቀረ ሠራተኛ በየትም አገር ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ስም ቤተ መቅደስ የተሠራለት ግን በካሺ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ ኮከብ ቆጣሪ መስሎ በቪሽኑ ረዳትነት ንጉሡን ዙፋኑን እንዲተው አግባባውና ሺቫ ወደ ከተማው ተመለሰ።

ብራህማ መሥዋዕቱን የሠዋበት ስፍራ ዛሬ ዳሻሽዋሜድ፣ ትርጉሙም የ10 ፈረስ መሥዋዕት፣ የሚባለው ጋት ነው። ጋት የሚባለው ከከተማው ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ሲሆን፣ በካሺ ከ80 በላይ ጋቶች ከወንዙ ዳር ተያይዘው ይገኛሉ። ነዋሪዎቹ ተሳላሚውን ከሚያስጠነቅቁባቸው ነገሮች መካከል ኮርማ፣ ደረጃና መናኝ ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው በጠባቡ መንገድ ላይ ቅድሚያ ስለማይሰጥ፣ ሁለተኛው በእርጥበት ስለሚያንሸራትት፣ ሦስተኛው ደግሞ ምርቃቱን በነፃ ስለማይሰጥ ነው።

የከተማዋ ባለቤት ሺቫ የሚመለክበት የቪሽዋናት፣ ማለትም የዓለሙ ጌታ፣ ቤተ መቅደስ፣ በ1669 በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ትእዛዝ ከፈረሰና በስፍራው የግያንቫፒ መስጊድ ከተሠራ በኋላ፣ በ1780 በኢንዶሯ ንግሥት በአሂልያባይ ሆልካር ከጎኑ እንደገና የታነጸ ነው፤ ጉልላቱን በወርቅ ያስለበጠው የፑንጃቡ ገዥ ራንጂት ሲንግ ነበር። የሺቫ መቀመጫ የሆነው የናንዲ በሬ አሮጌ ሐውልት ዛሬም ፊቱን ወደ መስጊዱ እንዳዞረ ሲሆን፣ የስፍራው ይገባኛል ክርክር በፍርድ ቤት ይገኛል። በ2021 የተመረቀውና ቤተ መቅደሱን ከወንዙ ጋር የሚያገናኘው ሰፊ ጎዳና ሲሠራ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በቤቶቹ ውስጥ ተውጠው የኖሩ ትንንሽ ቤተ መቅደሶችም ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ዲቮዳሳን ሊሰልሉ መጥተው የቀሩት የት እንደገቡ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ በከፊል ይኸው ነው። ተሳላሚው ስልኩን ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ በአካባቢው ያሉት ነጋዴዎች አበባና ጣፋጭ ለገዛቸው ሰው ስልኩን በነፃ ያስቀምጡለታል፤ የአበባው ዋጋ ግን ይህን ነፃነት ያገናዘበ ነው። ከረጅም ሰልፍ በኋላ የሚገኘው ዳርሻን፣ ማለትም አምላክን በዓይን የማየት በረከት፣ ሥርዓት አስከባሪው ትከሻ ገፋ እስኪያደርግ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው።

ባለቤቱን ያየ ሰው የፖሊስ አዛዡን ሳያይ ቢሄድ ጉብኝቱ እንደ ጎደለ ይቆጠራል። የካሺ ኮትዋል፣ ማለትም የከተማዋ ጸጥታ አስከባሪ አለቃ፣ ካል ባይራቭ የተባለው የሺቫ ቁጡ መልክ ሲሆን፣ የሹመቱ ታሪክ ለሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎች የሚያስቸግር ነው። የብራህማን አምስተኛ ራስ በመቁረጡ የራስ ቅሉ ከእጁ ጋር ተጣብቆበት እንደ ነፍሰ ገዳይ አገር ላገር ሲንከራተት ኖሮ፣ ካሺ ሲደርስ ቅሉ ከእጁ ወደቀለት፤ በዚያው ከተማም ወንጀለኛው ሕግ አስከባሪ ሆነ። ምዕመናን አበባና የሰናፍጭ ዘይት ብቻ ሳይሆን አረቄም ያቀርቡለታል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የእርሱን ሹመት አይነካም፣ መሻር የሌለበት ሹመት ነውና። የሞት አምላክ ያማ በካሺ ሥልጣን የለውም ተብሎ ስለሚታመን፣ በዚያ የሚሞት ሰው በብዙ ዘመን የሚከፍለውን የኃጢአት ዕዳ በነፍሱ መውጫ ቅጽበት በአንድ ጊዜ የሚያስከፍለው ይኸው ባይራቭ ነው፤ ፋይሉ በዚያው ይዘጋል።

በሌላ ስፍራ የተሠራ ኃጢአት ካሺ ሲገቡ ይሰረያል፤ በካሺ ውስጥ ለተሠራው የታዘዘው መድኃኒት ግን ፓንቻክሮሺ፣ ማለትም ከተማዋንና ዙሪያዋን በእግር የመዞር ሥርዓት ነው። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በተለምዶ 5 ቀን ይፈጃል። ጉዞው ሲያልቅ ተሳላሚው ሳክሺ ቪናያክ፣ ትርጉሙም ምስክሩ ጋኔሻ፣ ወደሚባለው መቅደስ ሄዶ መጨረሱን ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ያለ ምስክር የተፈጸመ ጽድቅ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራልና። እግሩ ለማይችልም ታስቦለታል፤ በከተማው መካከል የመንገዱ መቅደሶች በትንንሽ ቅርጽ የተቀረጹበት ቤተ መቅደስ ስላለ፣ እርሱን መዞር ሙሉውን መንገድ እንደመዞር ነው።

ሳንካት ሞቻን፣ ማለትም ከችግር አውጪ፣ ለሚባለው ለዝንጀሮው አምላክ ለሃኑማን በተሠራው ቤተ መቅደስ ደግሞ ችግሩን የሚያመጡት ጦጣዎች ናቸው፤ ተሳላሚው ይዞት የሚመጣው ጣፋጭ ከመሠዊያው በፊት ይነጠቃል።

በማኒካርኒካ ጋት አስከሬን ቀንና ሌሊት ይቃጠላል። እሳቱን የሚጠብቁትና የሚሸጡት በዘር ሥርዓቱ ዝቅተኛ ተደርገው የሚታዩት ዶሞች ናቸው፤ በሕይወቱ ጥላቸው እንዳይነካው የሸሸ ባለጸጋ ሁሉ በመጨረሻ ከእነርሱ እሳት ይለምናል። ከጋቱ አጠገብ ያለው የራትነሽዋር ቤተ መቅደስ ከፒሳው ማማ ይበልጥ ያዘመመ ሲሆን፣ አፈ ታሪኩ ለእናቱ ያሠራው ሰው «የእናቴን ዕዳ ከፈልሁ» ብሎ በመፎከሩ ሕንጻው እንደተጣመመ ይናገራል። ከ1958 ጀምሮ የሚሠራው ሙክቲ ባቫን የተባለ ማረፊያ ሊሞቱ ለመጡ ሰዎች ክፍል ይሰጣል፤ ደንቡ የሚፈቅደው ግን የ2 ሳምንት ቆይታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ያልተሳካለት በትሕትና ይሰናበታል። መዳን ከክፍል የሚያስወጣበት ማረፊያ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጃ።

ይህ ሁሉ በረከት የሚሠራው በወንዙ ምዕራባዊ ዳር ብቻ ነው። ለዚህም አፈ ታሪክ አለው፦ ጠቢቡ ቪያሳ ምጽዋት ቢያጣ ካሺን በመርገሙ ሺቫ ከከተማዋ አባረረው፤ እርሱም በእልህ ማዶ የራሱን ካሺ ሊመሠርት ጀመረ። አንዲት እንስት አምላክ ደንቆሮ አሮጊት መስላ መጥታ በዚያ የሚሞት ሰው ምን እንደሚሆን ደጋግማ ብትጠይቀው፣ የመለሰላትን እንዳልሰማች ሁሉ ያንኑ ስትጠይቀው ትዕግሥቱ አልቆ «አህያ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ፤ ቃሉም ጸና። የካሺ ነገሥታት ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የራምናጋርን ምሽግና ቤተ መንግሥት የሠሩት በዚሁ በማዶው ዳር ነው፤ በምሽጉም ውስጥ ለቪያሳ መቅደስ አቁመውለታል። ምሽጉ ሙዚየም ስላለው ጎብኚ ይበዛበታል፤ ልቡ ደካማ የሆነ ጎብኚ ግን ሐኪሙን ሳያማክር ድልድዩን ባይሻገር ይመረጣል።